የአምፔር ወሰንና የፕሮሰሰር ወሰን፦ የጌም ላፕቶፕን በቤይሩት በልክ ማሠራት

በቤይሩትና በዳርቻዋ፣ በቡርጅ ሐሙድ፣ በዶራ ወይም በሲን ኤል ፊል የሚኖር ሰው የኤሌክትሪክን ነገር ሲያነሣ የሚቆጥረው በአምፔር ነው። የመንግሥት መብራት በቀን ውስጥ ለተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ስለሚመጣ ቀሪው ጊዜ በሰፈር ጀነሬተር ይሸፈናል። በአረብኛ «ኢሽቲራክ» የሚባለው ይህ ወርኃዊ ደንበኝነት ብዙውን ጊዜ በ5 ወይም በ10 አምፔር የተወሰነ ነው። ከዚያ በላይ ሲሳብ ማቋረጫው ይወርዳል፤ ቤቱም ይጨልማል። አንድ ቤት በጋራ ተከራይተው አንድ ኢሽቲራክ ለሚጋሩ ሠራተኞች፣ የአንዱ ዕቃ ከልክ በላይ ሲስብ የሁሉም ማቀዝቀዣና የሁሉም ስልክ አብሮ ይቋረጣል ማለት ነው።

ነዋሪው ኤሌክትሪክን እንዲህ በጥንቃቄ የሚቆጥረው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 የአገሪቱ ሁለት ታላላቅ ማመንጫዎች፣ ዴይር አማርና ዛህራኒ፣ በነዳጅ እጥረት ሥራ ሲያቆሙ የመንግሥቱ የኤሌክትሪክ መረብ ሙሉ በሙሉ ተቋርጦ ነበር። በኦገስት 2024 ዛህራኒ ነዳጅ ሲያልቅበትም የመንግሥት መብራት ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይቀር ጠፍቷል።

በእንዲህ ያለ ከተማ የጌም ላፕቶፕ መያዝ ስሌት ይጠይቃል። ይህ ዓይነቱ ላፕቶፕ ከጨዋታ ባሻገር ቪዲዮ ለማቀናበር፣ ለንድፍ ሥራና ለትምህርት የሚያገለግል ጉልበት ስላለው ገንዘብ አጠራቅሞ የሚገዛው ሰው ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ 240 ዋት የሚሰጥ ቻርጀር በ220 ቮልት ሲሰላ በሙሉ ኃይሉ ከ1 አምፔር በላይ ይስባል። 5 አምፔር ማለት 1,100 ዋት ስለሆነ፣ ላፕቶፑ ብቻውን የቤቱን ድርሻ አንድ አምስተኛ ያህል ይወስዳል። በዚያው ሰዓት ማቀዝቀዣው ቢነሣና አንድ ሰው የውኃ ማፍያ ቢሰካ ማቋረጫው መውረዱ አይቀርም።

ብዙ ተጠቃሚዎች የማያስተውሉት ነገር ላፕቶፑ ራሱ በውስጡ የራሱ «ኢሽቲራክ» ያለው መሆኑን ነው። ኢንቴል ለፕሮሰሰሮቹ ሁለት የኃይል ወሰኖችን ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ፕሮሰሰሩ ለረጅም ጊዜ ሳያቋርጥ ሊስበው የሚገባው የዋት መጠን ሲሆን «ፒኤል 1» ይባላል። ሁለተኛው፣ «ፒኤል 2»፣ ከባድ ሥራ ሲመጣ ለጥቂት ጊዜ የሚፈቀድለት ከፍተኛ መጠን ነው። ለምሳሌ ኮር አይ 7-12700ኤች የተባለው ፕሮሰሰር መነሻው 45 ዋት፣ ጣሪያው 115 ዋት ነው። ኮር አይ 9-13980ኤችኤክስ ደግሞ ከ55 ዋት ተነሥቶ እስከ 157 ዋት ሊደርስ ይችላል። ኤኤምዲም በሌላ ስያሜ ተመሳሳይ አሠራር ይከተላል። ከዚህ በተጨማሪ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

እነዚህን ወሰኖች በመጨረሻ የሚወስነው ላፕቶፑን የሠራው ኩባንያ በመሆኑ፣ ተመሳሳይ ስም የተጻፈባቸው ሁለት ላፕቶፖች እኩል ላይሠሩ ይችላሉ። የግራፊክስ ካርዱ ጉዳይም እንዲሁ ነው። የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4060 የላፕቶፕ ካርድ እንደ ሠሪው ምርጫ ከ35 እስከ 115 ዋት ሊመደብለት ይችላል። ስለዚህ የብዙ ወር ቁጠባውን ይዞ ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው የካርዱን ስም ብቻ ሳይሆን የተመደበለትን ዋት ጭምር መጠየቅ ይኖርበታል።

ወሰኑን ዝቅ ማድረግ ብዙዎች እንደሚፈሩት ፍጥነቱን በዚያው መጠን አይቀንስም። ምክንያቱ ፕሮሰሰሩ በፈጠነ ቁጥር ተጨማሪ ቮልቴጅ መፈለጉ ነው። የሚስበው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬው ልክ ያድጋል። ፍጥነቱም ቮልቴጁም በ10 በመቶ ቢጨምሩ ፍጆታው በ33 በመቶ ገደማ ያሻቅባል። ሁለቱም በ10 በመቶ ቢቀንሱ ግን ፍጆታው በ27 በመቶ ያህል ይወርዳል። እንግዲህ የመጨረሻዋ ጥቂት ፍጥነት ከሁሉ ይልቅ ውድ ናት ማለት ነው።

ይህን ለማስተካከል የባለሙያ እጅ አያስፈልግም። በዊንዶውስ ውስጥ በ«ሴቲንግስ»፣ በ«ሲስተም» እና በ«ፓወር» በኩል የሚገኘው «ፓወር ሞድ» ቁጠባን፣ ሚዛናዊነትን ወይም ከፍተኛ ብቃትን ያስመርጣል። ሠሪዎቹም የራሳቸው ፕሮግራም አላቸው። በሌኖቮ ሊጅን ላፕቶፖች «ኤፍኤን» እና «ኪው» የሚሉት ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ የማብሪያው መብራት ቀለም ይለወጣል፤ ሰማያዊ ጸጥታን፣ ነጭ ሚዛንን፣ ቀይ ሙሉ ኃይልን ያመለክታል። በጨዋታ ጊዜ ደግሞ በሰከንድ የሚታዩትን ምስሎች በ60 መወሰን የግራፊክስ ካርዱን ጫና በብዙ ያቃልላል።

የቻርጀሩም ምርጫ ራሱ ወሰን ሊሆን ይችላል። በርካታ አዳዲስ የጌም ላፕቶፖች ከዋናው ቻርጀር ሌላ በዩኤስቢ ሲ በኩል እስከ 100 ዋት ይቀበላሉ። ይህም ግማሽ አምፔር እንኳ አይሞላም። ላፕቶፑም የቀረበለትን ኃይል ዐውቆ ፍጥነቱን በዚያው ልክ ያደርጋል። ሞዴሉ ይህን የሚፈቅድ መሆኑን ግን አስቀድሞ ከመመሪያው ማረጋገጥ ይገባል።

መብራት ተቋርጦ ጀነሬተሩ እስኪነሣ ባለው ጊዜም ልዩነቱ ግልጽ ነው። 90 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ ላፕቶፑ 90 ዋት የሚስብ ከሆነ አንድ ሰዓት ብቻ ይቆያል፤ በ30 ዋት ቢሠራ ግን ሦስት ሰዓት ያገለግላል። ለፈተና ለሚያጠና ወይም ሥራ ለማስረከብ ቀጠሮ ላለበት ሰው ሁለቱ ሰዓታት ትልቅ ነገር ናቸው።

በገንዘብ ረገድም ስሌቱ ቀላል ነው። በቀን ለ4 ሰዓት በ200 ዋት የሚሠራ ላፕቶፕ በ30 ቀን 24 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠቀማል፤ በ100 ዋት ቢሠራ 12 ይሆናል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 በወጣው የመንግሥት ታሪፍ የመጀመሪያው 100 ኪሎ ዋት ሰዓት እያንዳንዱ 10 የአሜሪካ ሳንቲም፣ ከዚያ በላይ ያለው 27 ሳንቲም ነው። በዚህ ሂሳብ ቁጠባው በወር ከ1 ዶላር ከ20 ሳንቲም እስከ 3 ዶላር ከ24 ሳንቲም ይደርሳል። የኢነርጂና ውኃ ሚኒስቴር በየወሩ የሚያወጣው የጀነሬተር ታሪፍ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ከፍ ስለሚል፣ ቆጣሪ ባለው ኢሽቲራክ የሚገኘው ቁጠባም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ስለዚህ ሙሉውን ኃይል የመንግሥት መብራት ላለበት ሰዓትና በእርግጥ ለሚያስፈልገው ሥራ ማቆየት፣ በኢሽቲራክ ሰዓት ደግሞ ወደ ሚዛናዊው ወይም ወደ ጸጥተኛው ማውረድ ይጠቅማል። ላፕቶፑ በመጠኑ ይዘገያል፤ የጋራው ቤት መብራት ግን አይጠፋም።