የባለሞተር መርጫ እመቃ አለካክ በከፍታ ቦታ

በምዕራብ ጎጃም፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ፣ በቆሎና በርበሬ በስፋት ይመረታሉ። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው መጤ ተምች በበቆሎ ላይ ሲነሣ፣ ትሉ ወደ ተክሉ እምብርት ሳይገባ ገና በትንሽነቱ መርጨት ያስፈልጋል። በእነዚያ ጥቂት ቀናት የማኅበሩ ባለሞተር መርጫ አልነሣ ቢል ጉዳቱ ለአባላቱ ሁሉ ይተርፋል። ስለዚህ ከወቅቱ አስቀድሞ እመቃውን (ኮምፕሬሽኑን) መለካት ይገባል።

በጀርባ የሚታዘለው መርጫም ሆነ የሞተር መጋዝ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት ምት ሞተር አለው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ የቤንዚንና የአየር ድብልቁን ያምቃል፤ ካንዴላው ያቀጣጥለዋል። ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ከተበላ ድብልቁ ያመልጣል፤ ሞተሩ ለመነሣት ያስቸግራል፤ ጉልበትም ያጣል።

አለካኩ፦

1. ሞተሩን ጥቂት አሙቆ ማጥፋት፤ ቤንዚን ከአጠገቡ ማራቅ፤ ካንዴላውን ፈትቶ የካንዴላውን ሽቦ ጫፍ ከሞተሩ አካል ጋር ማገናኘት።
2. መለኪያውን በካንዴላው ቀዳዳ ማጥበቅ። ለመኪና የተሠራ ባለ ረጅም ጎማ መለኪያ በትንሽ ሞተር ላይ ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ስለሚያሳይ አይመረጥም።
3. የጋዝ መስጫውንና ቾኩን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ፣ መርፌው መውጣቱን እስኪያቆም ገመዱን 5 ወይም 6 ጊዜ መሳብ።
4. ቁጥሩ ዝቅ ካለ በቀዳዳው ጥቂት ጠብታ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት። ቁጥሩ ከጨመረ የተበላው ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው፤ ካልጨመረ የመለኪያውን አጠባበቅና የቴስታታውን ጓርኒሲዮን መመርመር።

ቁጥሩ ሲነበብ የቦታው ከፍታ ይታሰብ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1900 ሜትር፣ ቡሬ ደግሞ 2100 ሜትር ገደማ ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በባሕር ጠለል 10 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 8 ባር ገደማ ያሳያል። ይህን ሳያውቁ የመመሪያውን ቁጥር ብቻ ተመልክቶ አዲስ ፒስተንና ፋሻ መግዛት የማኅበሩን ገንዘብ ማባከን ነው።

ከሁሉ የሚሻለው መርጫው አዲስ ሳለ እዚያው በቦታው ለክቶ በመዝገብ መጻፍ፣ በየዓመቱም ከዚያው ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው።

እመቃን የሚጠብቁት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የአየር ማጣሪያውን በየሥራው ቀን ማጽዳት ነው፤ አቧራ ፋሻን ይበላል። ሁለተኛው ዘይትን በልክ መደባለቅ ነው፤ መመሪያው 1 ለ25 ካለ ለ5 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት፣ 1 ለ50 ካለ 100 ሚሊ ሊትር ይጨመራል። በግምት መደባለቅ አይገባም።