ከኩላሊት ንቅለ ተከላ በኋላ፦ የማገገም ትርጉምና የጾም ጥያቄ

ረመዳን ሲቃረብ በየመስጂዱ ኢማሞችና መምህራን ፊት ሊቀርቡ ከሚችሉ ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ ያለ ነው፦ «ኩላሊት ተተክሎልኛል፤ እጥበቱን አቁሜያለሁ፤ ሐኪሙም ምርመራህ ጥሩ ነው ብሎኛል፤ ድኛለሁና ልጹምን?» የጥያቄው ክብደት ያለው «ድኛለሁ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ቃሉ በጠያቂው አንደበትና በሐኪሙ መዝገብ አንድ ትርጉም የለውም። በዚህ ጽሑፍ ሐኪሙ «ጥሩ ነው» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነና የፊቅህ ብይኑ በዚያ ላይ እንዴት እንደሚቆም ለማስረዳት እንሞክራለን።

የንቅለ ተከላው መፈቀድ ራሱ ብዙ አያቆየንም። በእስላማዊ ትብብር ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ በ1988 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባደረገው 4ኛ ጉባኤ መሠረታዊ ቅድመ ሁኔታዎችን አስቀምጦ ፈቅዶታል፤ የአካል ሽያጭን ግን ከልክሏል። በአገራችንም በአዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በመተባበር በ2015 እ.ኤ.አ. አገልግሎቱን ጀምሯል። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ከውጭ አገር ታክሞ በሚመለስ ሰው ብቻ የሚመጣ መሆኑ ቀርቷል።

በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የታመሙት ሁለቱ ኩላሊቶች አብዛኛውን ጊዜ ከቦታቸው አይነሡም። አዲሱ ኩላሊት ከሆድ በታች፣ በዳሌ አጥንት አካባቢ በአንዱ ጎን ይቀመጥና የደም ሥሮቹ ከዚያ ካሉት የደም ሥሮች ጋር፣ የሽንት ቧንቧው ደግሞ ከፊኛው ጋር ይገናኛል። ለጋሹ በሕይወት ያለ ሰው ከሆነ ኩላሊቱ ብዙ ጊዜ ወዲያውኑ ሽንት ማመንጨት ይጀምራል። ከሞተ ሰው በተወሰደ ጊዜ ግን ለቀናት አልፎም ለሳምንታት ሊዘገይ ይችላል፤ እስከዚያው በሽተኛው እጥበቱን ይቀጥላል። ይህ መዘግየት ብቻውን ኩላሊቱ አልሠራም ማለት አይደለም።

ሐኪሙ የኩላሊቱን ሥራ የሚከታተለው በዋናነት ክሪያቲኒን በተባለው ነገር መጠን ነው። ክሪያቲኒን ከጡንቻ ሥራ የሚወጣ ውጋጅ ሲሆን ኩላሊት ከደም አጣርቶ ያስወግደዋል። በጤናማ ጎልማሳ ደም ውስጥ መጠኑ በዴሲሊትር ከ0.7 እስከ 1.3 ሚሊግራም ገደማ ነው። ከንቅለ ተከላው በኋላ ይህ ቁጥር በቀናት ውስጥ እየወረደ ሄዶ በአንድ ደረጃ ይረጋል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የሚያወዳድረው በሽተኛውን ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከራሱ የቀድሞ ቁጥር ጋር ነው። ባለፈው ወር 1.2 የነበረው ዛሬ 1.6 ቢሆን ሰውየው አንዳች ሕመም ባይሰማውም ሐኪሙ ይደነግጣል። ሰውነት ኩላሊቱን መቃወም ሲጀምር ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ ትኩሳትም ላይኖር ይችላል። ስለዚህ «ደኅና ነኝ፣ ምንም አልተሰማኝም» የሚለው ምስክርነት በዚህ በሽታ ጉዳይ እንደ ማስረጃ የሚያቆም አይደለም።

ለዚህ ምክንያቱ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው። በዚያ ዓመት በቦስተን ዶክተር ጆሴፍ መሪ የመጀመሪያውን የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያከናወኑት በአንድ ዓይነት መንታ ወንድማማቾች መካከል ነበር። የተቀባዩ ሰውነት የመንታውን ኩላሊት ከራሱ ስላልለየው አልተቃወመውም። ከእንዲህ ዓይነት መንታ በስተቀር ማንኛውም ተቀባይ፣ ለጋሹ እናቱ ወይም ወንድሙ ቢሆን እንኳ፣ የሰውነቱን የመከላከል ኃይል የሚገታ መድኃኒት ኩላሊቱ እስካለ ድረስ ይወስዳል። ኩላሊቱ ዐሥር ዓመት ቢሠራም ሰውነቱ እንደ ባዕድ ማየቱን ፈጽሞ አይተውም። እንግዲህ «ማገገም» ማለት እዚህ ላይ በሽታው መወገዱ ሳይሆን በየዕለቱ በመድኃኒት የሚጠበቅ ሁኔታ ማለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጾም በፊት የሚመጣው የሶላት ጉዳይ ነው። ቁስሉ ውኃ እንዳይነካ ከታዘዘ በፋሻ ላይ ማበስና ተየሙም የፊቅህ መጻሕፍት በሰፊው ያብራሯቸው ናቸው። ሩኩዕና ሱጁድ ቁስሉን የሚያስጨንቅ ከሆነም ተቀምጦ በምልክት መስገድ ይቻላል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። ለዓመታት በእጥበት የቆየ ሰው ሽንቱ ስለሚቋረጥ ፊኛው ይጠባል። አዲሱ ኩላሊት ሲሠራ ሽንቱ በዝቶ በየጥቂት ደቂቃው ያስቸግረዋል፤ በዚህም ውዱኡ አልቆይ ብሎት የሚጨነቅ አለ። ሽንቱን መቆጣጠር ካልቻለ የባለ ዑዝር ብይን ይመለከተዋል፤ ለየፈርዱ ወቅት ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል። የመከላከል ኃይሉ በመድኃኒት እጅግ በሚዳከምባቸው በእነዚህ ወራት ሐኪሙ ከሕዝብ ስብሰባ ቢከለክለው ደግሞ ከጁሙዓ መቅረቱ የበሽተኛ ዑዝር ነው። ኢማሙ ይህን ቀድሞ ቢነግረው በሽተኛው «መስጂድ ጠፋ» ከሚል ሐሜት ይድናል።

ወደ ጾም ስንመለስ የችግሩ ሥር መድኃኒቱ ነው። ከመድኃኒቶቹ ዋናው ታክሮሊመስ ብዙ ጊዜ በየ12 ሰዓቱ በቀን ሁለት ጊዜ ይወሰዳል። በደም ውስጥ ያለው መጠን ጥቂት ቢያንስ ሰውነት ኩላሊቱን ይቃወማል፤ ጥቂት ቢበዛ መድኃኒቱ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል። በአገራችን ሰውየው ምሽት 12፡30 በኢፍጧር፣ ሌሊት 10፡30 በሱሑር ቢወስደው የሌሊቱ ልዩነት 10፣ የቀኑ 14 ሰዓት ይሆናል። የቀንና የሌሊቱ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙ ስለማይለዋወጥ ሐኪም ይህን አስልቶና በደም ምርመራ ተከታትሎ ሊያስተካክለው ይችል ይሆናል። በብሪታኒያ ወይም በስዊድን ለሚኖር ወገናችን ግን ረመዳን በበጋቸው ሲውል ጾሙ ከ18 ሰዓት በላይ ስለሚሆን ሒሳቡ ፈጽሞ ሌላ ነው። በዚህም ምክንያት የአንዱን አገር ፈትዋ ለሌላው ማስተላለፍ አይገባም።

ሁለተኛው ምክንያት ውኃ ነው። ታክሮሊመስ ወደ ኩላሊት የሚገቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያጠባል። የሰውነት ፈሳሽ በጥም ሲቀንስ ወደ ኩላሊቱ የሚደርሰው ደም ይበልጥ ያንሳል፤ ተቅማጥ ወይም ትውከት ቢጨመርበት ጉዳቱ በአንድ ቀን ሊደርስ ይችላል። ሦስተኛው ደግሞ ስኳር ነው፤ እነዚሁ መድኃኒቶች ቀድሞ ያልነበረ የስኳር በሽታ ሊያመጡ ይችላሉ። በአንጻሩ ኩላሊታቸው የረጋና በደንብ የሚሠራ ሰዎች በሐኪም ክትትል ጾመው የኩላሊታቸው ሥራ እንዳልቀነሰ ከሙስሊም አገሮች የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል። ጥናቶቹ በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ ስለሆኑ ለሁሉም ፈቃድ ተደርገው ሊወሰዱ አይገባም። ሐኪሞች በጥቅሉ በመጀመሪያው ዓመት እንዳይጾም ይመክራሉ፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ይወስናሉ።

ብይኑስ? አል-በቀራህ ምዕራፍ 184ኛና 185ኛ አንቀጾች ለበሽተኛ ማፍጠርንና በሌሎች ቀናት መተካትን፣ ለማይችለው ደግሞ ፊድያን ያመለክታሉ። የፊቅህ ሊቃውንት የሚድን ተስፋ ያለውን በሽተኛ ቀዷ፣ ተስፋ የሌለውን ፊድያ እንዲከፍል ሲሉ፣ የጉዳቱን ማወቂያ የታመነና በሙያው የተካነ ሐኪም ቃል አድርገውታል። በመጀመሪያው ዓመት ያለ ተቀባይ እንግዲህ ከፊተኞቹ ይቆጠራል፤ በኋላ ሐኪሙ ሲፈቅድለት ቀዷውን ያወጣል። ሐኪሙ ለዘለቄታው ከከለከለው ግን በሻፊዒይ መዝሀብ ለየቀኑ አንድ ሙድ፣ ማለትም በሁለት እጅ የሚታፈስ እህል፣ ለድኻ ይሰጣል።

እዚህ ላይ ለመምህራን ትኩረት የሚገባ ነጥብ አለ። በእጥበት ላይ ሳለ ተስፋ የለህም ተብሎ ፊድያ ሲሰጥ የቆየ ሰው በኋላ ኩላሊት አግኝቶ መጾም ቢችል ያለፉትን ዓመታት ይተካልን? በሐነፊይ መዝሀብ መቻሉ ፊድያውን ስለሚያፈርስ ይተካል። በሻፊዒያ ዘንድ በጠነከረው አስተያየት ግን ግዴታው ከመነሻው ፊድያ ስለነበር መተካት የለበትም። ሁለቱም መዝሀቦች በሚኖሩበት እንደ ወሎ ባለ አካባቢ መልስ ከመስጠት በፊት ጠያቂው የማን ተከታይ እንደሆነ መጠየቅ ይበጃል። የብዙ ዓመታት ረመዳን በአንድ ጊዜ ሲጫንበት አዲሱን ኩላሊት አደጋ ላይ የሚጥል ሰው ሊኖር ይችላልና።

አቡ ዳውድ ከጃቢር በዘገቡት ሐዲስ፣ ራሱ የቆሰለ ሰው ሕልመ ለሊት አግኝቶት ጓደኞቹን ሲጠይቅ ውኃ እስካለ ድረስ ፈቃድ የለህም አሉት፤ ታጥቦም ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን በሰሙ ጊዜ የመለሱትን ሰዎች በእጅጉ ገሠጹ፤ ካላወቁ ለምን አልጠየቁም ሲሉም ወቀሷቸው። የሐዲሱ መጨረሻ ክፍል በሰነድ ረገድ ቢያነጋግርም፣ የገዳዩ መልስ ባለቤቶች መልስ ሰጪዎቹ መሆናቸው ግልጽ ነው። በነቢያዊ ሕክምና ስም የሚሰጥ ምክርም ከዚሁ ይቆጠራል። ግሬፕፍሩት የተባለው ፍሬ እንኳ የታክሮሊመስን መጠን ከፍ ያደርጋል፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ በብርቱ ያወርደዋል። ስለዚህ ለተቀባዩ ቅጠላ ቅጠል ከማዘዝ በፊት ወደ ሐኪሙ መላክ ይገባል።

ሐጅ የሚያስብ ተቀባይም የራሱ ጉዳይ አለው። ለሐጅ የሚጠየቀው የማጅራት ገትር ክትባት ሕያው ተሕዋስ ስለሌለበት ይሰጠዋል። የቢጫ ወባ ክትባት ግን ሕያው ስለሆነ የመከላከል ኃይሉ ለተገታ ሰው አይሰጥም። ሐኪሙ ይህን በዓለም አቀፉ የክትባት ሰነድ ላይ ያሰፍርለታል፤ የጉዞ ዝግጅቱን ከወራት በፊት መጀመር የሚኖርበትም ለዚህ ነው።

በመጨረሻ የሚረሳው ለጋሹ ነው። እርሱም በአንድ ኩላሊት ይኖራል፤ ሆኖም የቀረው ኩላሊት ሥራውን ያሳድግና ቀድሞ ሁለቱ በአንድነት ይሠሩት ከነበረው ወደ 70 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ የሚገታ መድኃኒትም አይወስድም። ቁስሉ ከዳነና ሐኪሙ ካየው በኋላ ለጋሹ የሚጠይቀው የጾም ጥያቄ ከተቀባዩ ጥያቄ ጋር አንድ ተደርጎ ሊመለስ አይገባም። ወንድሙ ስላፈጠረ እርሱም እንዲያፈጥር፣ እርሱ ስለጾመ ወንድሙም እንዲጾም የሚያስገድድ ነገር የለም።