መኪናን በግቢ ሳይጭሩ ስለ ማጠብ

የክረምቱ ዝናም አልፎ መስከረም በጠባ ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በወራቤ በኩል ወደ ሆሣዕና የሚወስደው 230 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ወደ አገራቸው በሚገቡ ሰዎች ይሞላል። ሀዲያው ያሆዴ፣ ከምባታው መሳላ ብሎ የሚጠራውን የመስቀል ሰሞን በዓል ከወላጆቹ ጋራ ለማክበር ይመጣል። ከሆሣዕናም አልፎ ወደ ዶዮገና፣ ወደ አንጋጫና ወደ ዱራሜ የሚዘልቀው ብዙ ነው። ዋናው መንገድ አስፋልት ቢሆንም፣ ወደ አባት ቤት የሚያስገባው በእንሰቱ መካከል የሚያልፍ የአፈር መንገድ ነውና መኪናው ከግቢ ሲደርስ ጭቃ ለብሶ ይገኛል። በዚያን ጊዜ የቤቱ ልጅ ባልዲና ጨርቅ ይዞ እንዲወጣ ይታዘዛል።

በ2016 ዓ.ም. ይኸው ነገር በቤታችን ሆነ። ከበዓሉ ሁለት ቀን አስቀድሞ አንድ ዘመዳችን ብዙ ዓመት ቈጥቦ የገዛውን ጥቁር መኪና ይዞ መጣ። እኛም እንግዳ ማክበራችን ነበርና የ13 ዓመት ልጃችንን ጠርተን፣ አንድ አሮጌ ሸሚዝ ሰጥተን፣ «ይህን መኪና አጽዳ» አልነው። ልጁም በሙሉ ልቡ ሠራ። አስቀድሞ አቧራውን በደረቁ ጠረገ፤ ቀጥሎም በአንድ ባልዲ ውኃ የልብስ ሳሙና ዱቄት በጥብጦ፣ ጭቃ ከበዛበት ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እያሸ አጠበ። ነገር ግን መኪናው ደርቆ ፀሐይ ባረፈበት ጊዜ፣ በኮፈኑ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ጭረት ታየ፤ በበሩም ላይ የሸሚዙ ቍልፍ ያሰመረው ረዥም መሥመር ነበረ።

ዘመዳችን ልጁን ተቈጣው። ልጁም ወደ እኛ ዘወር ብሎ፣ «አባባ፣ እርስዎ በሰጡኝ ጨርቅ ነው እኮ ያጠብሁት» አለ። ለዚህ መልስ አልነበረንም። ያላስተማረውን ትምህርት በፈተና የሚጠይቅ መምህር ጥፋቱ የራሱ ነው። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ነገሩን መርምረን የተረዳነውን ለሌላው ቤተ ሰብ እንዲጠቅም እንጽፋለን።

በዛሬ ጊዜ መኪና ከቀለሙ በላይ ሌላ ግልጽ ሽፋን አለው። ይህም ሽፋን ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር 20 እጅ አንዱን ያህል፣ ማለት የአንድ የደብተር ወረቀት ግማሽ ነው። በአቧራና በአሸዋ ውስጥ ደግሞ ኳርትዝ የሚባል የድንጋይ ቅንጣት ይገኛል። ከ1 እስከ 10 በሚቈጠረው የማዕድናት ጥንካሬ መለኪያ ኳርትዝ 7 ሲሆን፣ የብረት ቢላዋ 5 ተኩል ያህል ነው። እንግዲህ ቀለሙን የሚጭረው ውኃው ወይም ሳሙናው አይደለም፤ በጨርቁና በቀለሙ መካከል የተያዘው ቅንጣት ነው እንጂ። የአጣጠቡ ሥርዓት ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር ይወጣል፤ ቅንጣቱን ሳያሹ ማንሣት።

አስቀድሞ መኪናውን በጥላ አቁሞ ብረቱ እስኪበርድ መጠበቅ ነው፤ በፀሐይ የጋለ ብረት ሳሙናውን አድርቆ ነጠብጣብ ያስቀራልና። ከዚያም ጨርቅ ሳይነኩ ከጣራው ጀምሮ ውኃ ማፍሰስ፣ የደረቀውም ጭቃ እስኪርስ ታግሦ ዳግመኛ ማፍሰስ ይገባል። የውኃ ጎማ የሌለው በአትክልት ማጠጫ ወይም በጣሳ ያፈስሳል። የአእዋፍም ኵስ ቢኖር እርጥብ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ አልብሶ ካለሰለሱ በኋላ ማንሣት ነው እንጂ መፋቅ አይገባም።

ቀጥሎ ሁለት ባልዲ ያስፈልጋል፤ አንዱ የሳሙናው፣ ሁለተኛው ጨርቁ የሚለቀለቅበት ንጹሕ ውኃ ነው። ጨርቁ ጥቂት ካሸ በኋላ በንጹሑ ውኃ ሳይለቀለቅ ወደ ሳሙናው አይመለስ። ጨርቁም ማይክሮፋይበር የሚባለው ቢሆን ይመረጣል፤ ከታጣም ቍልፍና ዚፕ የሌለው ለስላሳ ጥጥ ይሁን። ጆንያ፣ መጥረጊያና የብረት መፈግፈጊያ ፈጽሞ አይነኩትም። ጨርቁ መሬት ቢወድቅ ይለወጥ። የሚያጥበውም ሰው ቀለበቱን፣ ሰዓቱንና የቀበቶውን ዘለበት ያውልቅ። ለመኪና የተዘጋጀ ሳሙና ይሻላል፤ የልብስ ሳሙና ዱቄት መከላከያውን ሰም ይገፍፋልና። እንዲያብረቀርቅ ብለው ናፍጣ የሚቀቡም ቅባቱ አዲስ አቧራ እንደሚስብ ይወቁ።

አስተጣጠቡ ከላይ ወደ ታች፣ በቀጥታ መሥመር እንጂ በመዞር አይሁን። ጎማውና ቸርኬው አሸዋ ስለሚበዛባቸው በመጨረሻ፣ በሌላ ጨርቅ ይታጠባሉ። ከዚያም በብዙ ውኃ አለቅልቆ፣ ንጹሕ ደረቅ ጨርቅ አንጥፎ በቀስታ በመሳብ ማድረቅ ነው። በቤታችን ባለ 20 ሊትር 3 ጀሪካን ለዚህ ሁሉ ይበቃል። እጣቢው ግን ሰውና ከብት ከሚጠጣው ወንዝ እንዳይገባ፣ መኪናውን ከወንዝ ዳር አርቆ ማጠብ የጎረቤት ፍቅር ነው።

ጭረት ከደረሰም በኋላ በጥፍር ዳሰስ አድርጎ መለየት ይቻላል። ጥፍር የማይዘው በፖሊሽ ይጠፋል፤ ነገር ግን ፖሊሽ ሽፋኑን ስለሚያሳሳው ደጋግሞ ማድረግ አይገባም። ጥፍር የሚይዘው ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ገና ቀለም መቀባትን ይጠይቃል። የዘመዳችን ኮፈን በፖሊሽ ዳነ፤ በበሩ ላይ ያለው መሥመር ግን አልጠፋም።

በሚመጣው ዓመት ዘመዳችን ሲመለስ፣ ልጁ ባልዲውን ለማንሣት ፈርቶ በበሩ ቆመ። እኛም እጅጌያችንን ሰብስበን ከጣራው ጀምረን እያፈሰስን፣ ምክንያቱን እየነገርን ከእርሱ ጋራ አጠብን። ዘመዳችንም ጥቂት ቆሞ ካየ በኋላ ጨርቅ አንሥቶ ማድረቁን ያዘ፤ ልጁንም፣ «እንዲህ ነው የምስበው?» ብሎ ጠየቀው።

በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመናንን እግር ሲያጥብ እናያለን። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ወደ ሥራ ከመላካችሁ በፊት አንድ ጊዜ አብራችሁት ጎንበስ በሉ። የመኪናውን ጭረት ቀለም ቀቢ ይሸፍነዋል፤ ባላስተማርነው ነገር የገሠጽነው ልጅ ልብ ግን እንዲህ በቀላሉ አይጠገንም።