ልጅቱን ‹‹ጨረቃ›› እንበላት?

በዚህ ዓመት ረመዳን መግባቱን እንደ ሁሉም ሰው የሰማነው በዜና ነው። ጨረቃዋን በዓይናችን ያየናት ግን በማግስቱ፣ የመጀመሪያውን ቀን ጾም በተምር ፈትተን፣ መግሪብን ሰግደን ከመስጊድ ስንወጣ ነበር። የየካቲት ሰማይ በደብረ ታቦር ጥርት ያለ ነው። በምዕራብ በኩል እንደ ክር ቀጥና ታየች፤ ብዙም ሳትቆይ ጠለቀች።

በዚያችው ምሽት ከጀማዓችን የአንዱ ባለቤት ሴት ልጅ ተገላገለች። ምጥ ይዟት ሳለ በመስኮት ጨረቃዋን አይታት ኖሯል። ልጅቱን እንዳስታቀፏት ‹‹ጨረቃ ትባላለች›› አለች።

በአራተኛው ቀን ከተራዊሕ በኋላ አባትየው፣ እናቱና ከባሕር ዳር ለአራስ ጥየቃ የመጣችው እህቱ ሆነው እኛ ዘንድ ቀረቡ። አያትየዋ ቀደሙ። ‹‹ሸኻችን፣ የእስላም ስም ያውጡላት። ጨረቃ የሰማይ እንጂ የሰው ስም አይደለም›› አሉ። እርሳቸው ‹‹ሂላል›› የሚለውን ከሌሎቹ የልጅ ልጆቻቸው ሰምተው ወደውታል። የእህትየዋ ጭንቀት ሌላ ነው። ‹‹ከተማ ላይ የጨረቃ ቤት የሚባለው ሌሊት ተሠርቶ ቀን የሚፈርሰው ነው። ትምህርት ቤት ስትገባ ‹መቼ ነው የምትፈርሺው?› እያሉ ይቀልዱባታል›› አለች። ሳቃችንን መቆጣጠር አልቻልንም። አጠገባችን የነበረ አንድ ደረሳችን ደግሞ በጨረቃ ስም መጥራት ወደ ሽርክ አይወስድም ወይ ሲል ጠየቀ። አባትየው ዝም ብሎ ያዳምጣል።

እኛን መጀመሪያ ደስ ያለን ለሴት ልጅ ስም ይህን ያህል ሰው መጨነቁ ነው። ከእስልምና በፊት ሴት ተወለደችልህ የተባለ ዐረብ ፊቱ ይጠቁር እንደነበር ቁርኣን በሱረቱ አን-ነሕል ይነግረናል። በእኛም አገር ቢሆን ለወንድ የሚበዛው እልልታ ለሴት ሲሆን እንደሚቀንስ ያልሰማ የለም።

አንድ ክርስቲያን ጎረቤታችን ከዓመታት በፊት የጠየቁን ጥያቄም ትዝ አለን። ከተማችን ራሷ ከበዓል ጋር በአንድ ስም የምትጠራ ናት፤ ነሐሴ 13 ቡሄ ሲከበር የበዓሉም ስም ደብረ ታቦር ነው። በየጎረቤቱ ፋሲካ፣ ትንሣኤ፣ ልደት የሚባሉ ሴቶች ልጆች ሞልተዋል። ‹‹የእናንተ ሴቶች በበዓላችሁ የማይጠሩት ለምንድን ነው?›› አሉን። ያን ጊዜ መልስ አልነበረንም። ኋላ ስናስበው እውነታቸውን ነው። ወንዶቻችን ረመዳን፣ ሸዕባን፣ ረጀብ፣ ሙሐረም፣ ጁምዓ ይባላሉ። ከፋርጣ እስከ ጋይንት በየትኛውም መስጊድ ‹‹ረመዳን!›› ብሎ ቢጣሩ ዞር የሚል አይጠፋም። ሴቶቹ ግን ዘምዘም፣ መካ፣ መዲና፣ መርዋ ናቸው። የሐጅ ቦታና የሐጅ ውኃ ደረሳቸው እንጂ ወርና በዓል አልደረሳቸውም።

አንዱ ምክንያት ሰዋስው ይመስለናል። በዐረብኛ የወራቱ ስሞች ከሁለቱ ጁማዳዎች በቀር ወንዴ ናቸው። ሂላልም ወንዴ ነው፤ ቀመርም ወንዴ ነው። አያትየዋ የወደዱት ስም በዐረቦች ዘንድ የወንድ ልጅ ስም ነው። በአማርኛ ግን ጨረቃ ‹‹ወጣች››፣ ‹‹ጠለቀች›› ትባላለች። እናትየዋ ዐረብኛ አልተማረችም፤ በምትናገረው ቋንቋ ጨረቃ ሴት ናት።

አባትየውም ራሱ የወሩን ስም የያዘ ሰው ነው። የተወለደው በ1985 ዓ.ም. በረመዳን ሲሆን፣ ያን ጊዜም ወሩ የገባው እንደዘንድሮው በየካቲት ነበር። ነገሩ አጋጣሚ ቢመስልም ሒሳብ አለው። የጨረቃ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ወቅቶችን ሁሉ ዞሮ፣ ከ33 ዓመት በኋላ ወደነበረበት ይመለሳል። ፋሲካ የተባለች ልጅ በዓሏ ከመጋቢትና ከሚያዝያ አይወጣም። የረመዳን ልጅ ግን ከወሯ ጋር በጋውንም ክረምቱንም ትዞራለች። ይህች ሕፃን 18 ዓመት ሲሞላት ረመዳን ክረምት ላይ ይውላል። ጉና ግርጌ በሐምሌ ጭጋግ ማን ጨረቃ ያያል? በልጅነታችን ወሩ እንዲህ ክረምት ላይ ሲውል፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰማዩ ሲጋረድ እንዲደረግ ባዘዙት መሠረት ትልልቆቹ ሸዕባንን 30 ሞልተው ነበር ጾም የሚይዙት።

ወደ ሸሪዓው እንምጣ። ስም እንግዳ መሆኑ ብቻውን ነውር አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) ለዘከሪያ የሕያን ሲያበስራቸው ከዚያ በፊት በዚያ ስም የተጠራ ሰው እንዳልነበረ በሱረቱ መርየም ተነግሯል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስም ይለውጡ የነበረው ትርጉሙ ሲከፋ ወይም ባለቤቱን ከፍ ከፍ ሲያደርግ ነው። ዓሲያ፣ ማለትም አመፀኛ፣ ትባል የነበረችውን የዑመርን ልጅ ጀሚላ አሏት። በርራ፣ ማለትም ደግ ወይም ጻድቅ፣ የተባለችውን ደግሞ ራስን እንደማወደስ ስለሚሆን ዘይነብ አሏት። ለደረሳችን ጥያቄም መልሱ ሩቅ አይደለም። የተከለከለው ‹‹የጨረቃ ባሪያ››፣ ‹‹የፀሐይ ባሪያ›› እየተባለ መጠራት ነው፤ በጃሂሊያ ዘመን ዐብዱ ሸምስ እንደሚባለው ማለት ነው። ጨረቃ ግን እንደኛው ፍጡር ናት። ነቢዩ አዲስ ጨረቃ ሲያዩ በሚያደርጉት ዱዓ የእርሳቸውም የእርሷም ጌታ አላህ መሆኑን ይናገሩ ነበር።

አባትየውንም ሳያስጨንቁት አልቀሩም። ‹‹ረመዳን የአላህ ስም ስለሆነ ሰው አይጠራበትም›› ያሉት አሉ። ይህ የተመሠረተበት ዘገባ ደካማ መሆኑን የሐዲስ ሊቃውንት ተናግረዋል። ኢማም አል-ቡኻሪም ‹‹ረመዳን›› ይባል ወይስ ‹‹የረመዳን ወር›› በሚለው ጉዳይ ላይ ራሱን የቻለ ርእስ አላቸው። በስሙ ተረጋግቶ ይኑር።

በዒድ ቀን ስለሚወለዱትም እንጠየቃለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባት ሴት ልጁን ‹‹ዒድ›› ሊላት ፈልጎ ዘመዶቹ ተቃወሙት። ‹‹ዒድ አለች?›› ተብሎ ሲጠየቅ ‹‹ዒድ የለችም›› ሊባል ነው፣ ይህ ደግሞ ገድ አይደለም አሉት። ቀልድ ይመስላል እንጂ መሠረት ያለው ነገር ነው። በሙስሊም ሰሒሕ ውስጥ ረባሕ፣ የሳር፣ አፍለሕ፣ ናፊዕ የሚሉት ስሞች በዚሁ ምክንያት እንዳይወጡ ተነግሯል። ሌላው ዘገባ ግን ነቢዩ በረካንና የመሳሰሉትን ስሞች ሊከለክሉ አስበው እንደነበር፣ ከዚያም ዝም ብለው ሳይከለክሉ ወደ አኺራ እንደሄዱ ይናገራል። ነቢዩን በሕፃንነታቸው የተንከባከቧቸው፣ ከሐበሻ የሆኑት ኡሙ አይመን (ረ.ዐ.) ስማቸው በረካ ነበር፤ አልተለወጠም። ስለዚህ ያንን አባት አልከለከልነውም። ‹‹ዒድ›› የሚለው ቃል በቁርኣን የተነሣው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ማዕድ ከሰማይ እንዲወርድ በለመኑበት በሱረቱ አል-ማኢዳ መሆኑን ስንነግረው ተገረመ። ያ ጎረቤታችን ይህን ሲሰሙ የበለጠ ተገርመዋል።

ከእንግዳ ስም ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ትርጉሙ ሳይጠየቅ ከስልክ የሚለቀም ስም ነው። ዛሬ ዛሬ ከቁርኣን ውስጥ ለጆሮ የጣመ ቃል ሁሉ ስም ይሆናል። ‹‹ዐለይና›› የተባለች ልጅ ይዘው የመጡ ወላጆች ነበሩ፤ ትርጉሙ ‹‹በእኛ ላይ›› ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ሌላው ልጁን ‹‹ሲያም›› አላት፤ ጾም ማለት ነው፤ ለረመዳን ልጅ መልካም ስም ነው። ሲያስመዘግባት የጸሐፊው ጆሮ ወይም ብዕር ስቶ ‹‹ሲሃም›› ሆና ተጻፈች። ሲሃም ፍላጻዎች ማለት ነው። አባትየው ይህን ያወቀው ልጅቱ ቁርኣን ልትቀራ እኛ ዘንድ ስትመጣ ነው። አሁን በወረቀት ፍላጻ፣ በቤት ጾም ሆና ታድጋለች።

ይህን ሁሉ ተነጋግረን አያትየዋ ግን አልረኩም። ‹‹ዐረብኛ ካልሆነ ምኗ እስላም ሆነች?›› አሉ። እንዲህ ያሉትን እናት ቶሎ ማረም አይገባም። ሙስሊሙ ጥቂት በሆነበት በዚህ ደጋ ስም ሲጠራ ሰው የማን ልጅ መሆኑን ይናገራል። እርሳቸው የፈሩት የልጅ ልጃቸው ከቤት ርቃ ስትሄድ ማንነቷ አብሯት እንዳይቀር ነው። ፍርሃታቸውን አናቃልለውም። ቢሆንም ይህችው ከተማችን ከራስ ጉግሣ ጀምሮ፣ ራስ ዓሊ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በካሣ እስከተሸነፉ ድረስ የየጁ መሳፍንት መቀመጫ እንደነበረች አስታወስናቸው። መሳፍንቱ ክርስትናን የተቀበሉ ሆነው ሳለ ዓሊ፣ ይማም የሚባሉ ነበሩባቸው። ስሙ ነበረ፤ ሶላቱ ግን አልነበረም።

ከዚያ የኡሙ ኻሊድን (ረ.ዐ.) ታሪክ ነገርናቸው። ወላጆቿ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሶሓቦች ናቸው፤ እርሷም የተወለደችው በዚሁ በሐበሻ ምድር ነው። ቤተሰቡ ወደ መዲና ከሄደ በኋላ አንድ ቀን ለነቢዩ ልብስ መጣላቸው። ከመካከሉ አንዲት ትንሽ ባለጥለት ጥቁር ልብስ ነበረች። ይህችን ለማን እናልብስ ብለው ጠየቁና ኡሙ ኻሊድን አስመጧት፤ ትንሽ ልጅ ስለነበረች ተሸክመው አደረሷት። በገዛ እጃቸው አለበሷት፤ ለብሳ እንድታስረጀውም መረቋት። ጥለቱንም እያሳዩ ‹‹ሰናህ›› አሏት። በሐበሻ ቋንቋ ቆንጆ ማለት ነው። ታሪኩ በቡኻሪ ሰሒሕ ውስጥ የሚገኝ ነው፤ ግእዝ የሚያውቅም ‹‹ሠናይ›› የሚለውን ቃል ማስታወሱ አይቀርም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያችን ሕፃን በተወለደችበት አገር ቋንቋ ካጫወቷት፣ የደብረ ታቦሯን ሕፃን በእናቷ ቋንቋ መጥራት ምኑ ላይ ነው ነውሩ?

አያትየዋ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ‹‹ሰናህ›› እያሉ ለብቻቸው ደጋገሙት።

የቀረው ስሙን የማውጣት መብት የማን ነው የሚለው ነበር። እዚህ ላይ ሊቃውንቱን ደብቀን እናትየዋን ማስደሰት አንችልም። ኢብኑል ቀይም ስለ አራስ ሕፃን ሕግጋት በጻፉት ‹‹ቱሕፈቱል መውዱድ›› በተባለው ኪታባቸው እናትና አባት ካልተስማሙ መብቱ የአባት መሆኑን አስፍረዋል። ለአባትየው ይህንኑ ነገርነው። ነገር ግን ቁርኣን ለአንዲት ሴት ልጅ ስም ሲወጣ የሚያሳየን በሱረቱ ኣሊ ዒምራን መሆኑን፣ እዚያም ስም አውጪዋ እናት መሆኗን ጨመርንለት። የዒምራን ባለቤት ወንድ ጠብቃ ሴት ስትወልድ መርየም ብላ የሰየመቻት ራሷ ናት። መብት ያለው ሰው መብቱን ለሚስቱ ቢለቅላት የሚከለክለው ሕግ አናውቅም። አባትየው ያን ጊዜ አንዲት ነገር ብቻ ተናገረ። ‹‹እኔ ሳልሆን እርሷ ናት ያየቻት›› አለ።

በሰባተኛው ቀን ለሴት ልጅ እንደሚገባው አንድ በግ ለዐቂቃ ታረደ፤ ሥጋው ለኢፍጧር ቀረበ። ዐቢይ ጾምና ረመዳን ዘንድሮ በአንድ ሳምንት የገቡ ስለሆነ፣ ለክርስቲያን ጎረቤቶች ሽሮና ምስር ለብቻው ተሠርቶ ነበር። ፀሐይ እስክትጠልቅ አብረውን ጠበቁ። የሕፃኗ ጠጉር ተላጭቶ በሚዛኑ ልክ የብር ዋጋ ለሶደቃ ተሰጠ፤ ጠጉሯ ሳስቶ ከእፍኝ ያነሰ ነበርና አባትየው ከሚዛኑ ጨመር አድርጎ ሰጠ። በጆሮዋ ‹‹ጨረቃ›› ተባለች። አያትየዋ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰናህ ነው የሚሏት፤ ሌላውም ቤተሰብ እየለመደው ነው። አክስትየዋ ወደ ባሕር ዳር ስትመለስ ‹‹እኔስ ሰናህን ነው የምይዘው›› ብላለች።

ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበትና ለአባትየው የፍላጻዋን ልጅ ታሪክ አንሥተን፣ ስሙን በወረቀት ጽፈን እንስጥህ ወይ አልነው። ሳቀ። ‹‹ሸኻችን፣ ጨረቃን ጽፎ የሚሳሳት ጸሐፊ የት ይገኛል?›› አለን።