የመኪና አደጋ በደረሰ ጊዜ ምን ማድረግ ይገባል? ጠበቃስ እንዴት ይያዛል?



ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል በአዲስ አበባ ከተቀበሉበት ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አልፏል። ዛሬ መኪና አይቶ የሚደነቅ ሰው የለም። ዳሩ ግን መኪና ሰውን በገጨ ጊዜ ገጪው ምን ማድረግ እንደሚገባው፤ ተገጪውም በማን ላይና እስከ መቼ መብቱን ሊጠይቅ እንደሚችል አጣርቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ይህንኑ ጉዳይ እንመለከታለን።

ነገሩ በምሳሌ ቢነገር ይቀላል። አንድ አናጢ በምሽት ከሥራው ሲመለስ በቃሊቲ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ገጭቶት እግሩ ተሰበረ እንበል። ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት፤ ቤተሰቡም የሚያድረው በየቀኑ ሠርቶ በሚያገኘው ገንዘብ ነው። እንግዲህ የዚህ ሰው ቤት መቆሙና መፍረሱ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በሚደረገው ነገር ላይ የተመሠረተ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው የሰው ሕይወት ነው። ነጂው መኪናውን ማቆም፤ የተጎዳውን መርዳትና ለፖሊስ ማስታወቅ አለበት። ብዙ ነጂዎች ክፉ ልብ ሳይኖራቸው የሰውን ቁጣ ፈርተው ይሸሻሉ። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት ነው አይባልም፤ ይሁን እንጂ የሚፈራ ነጂ ሊሄድ የሚገባው ወደ ቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ነው እንጂ ወደ ቤቱ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በብርቱ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው መርዳት ሲችል ትቶት የሄደውን ሰው በቁጥር 575 ይቀጣል፤ አደጋውን ያደረሰው ራሱ ሲሆን ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። ባለማወቅ ለደረሰ ጉዳት ምሕረት የሚያደርጉ ሰዎችም ቢሆኑ ወድቆ የሚጮኸውን ትቶ ለሸሸ ሰው ልባቸው አይራራም።

ለአምቡላንስ ወደ ቀይ መስቀል በ907፤ ለፖሊስ በ991 መደወል ይቻላል። አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ የተጎዳውን ሰው በክንዱና በእግሩ ይዞ እየጎተቱ ወደ ታክሲ መክተት አይገባም። አንገቱ ወይም አከርካሪው ተሰብሮ እንደ ሆነ መንቀሳቀሱ ዕድሜ ልኩን ሽባ ሊያደርገው ይችላልና። መኪናው በእሳት የተያያዘ ወይም ሌላ አደጋ የቀረበ ካልሆነ በቀር ባለበት አስተኝቶ የሚፈሰውን ደም በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ መያዝ ይሻላል። ወደ ሐኪም ቤት ከደረሰም በኋላ «መጀመሪያ ገንዘብ አስይዙ» ሊባል አይገባም፤ ስለ ሦስተኛ ወገን መድን በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 በመኪና አደጋ ለተጎዳ ሰው የድንገተኛ ሕክምና እንዲሰጠው፤ ወጪውም በተወሰነ ልክ በመድኑ እንዲሸፈን ደንግጓል።

የአናጢው ወንድም ወይም ጎረቤቱ በስፍራው ካለ፤ የአናጢው ሕይወት ለሐኪም ከተሰጠ በኋላ፤ ዓይኑን ወደ ማስረጃ ይመልስ። የመኪናውን የሰሌዳ ቁጥር ይጻፍ፤ በፊት መስተዋቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት ያንብብ፤ መድን የሰጠውን ኩባንያ ስም ይያዝ። አደጋውን ያዩትን ሰዎች ስምና ስልክ በዚያው ይቀበል፤ ያ ሁሉ ተመልካች በማግስቱ ቢፈለግ አይገኝምና። ዛሬ በየሰው እጅ ያለው ስልክ ፎቶግራፍ ስለሚያነሣ የጎማውን ፍሬን ምልክትና የመኪናውን አቋቋም ማንሣት ቀላል ነው። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን ከማንሣቱ በፊት የተነካ ነገር ካለም ፎቶግራፉ ይመሰክራል። ይህ ፕላን ኋላ በፍርድ ቤት ብዙ ነገር የሚወሰንበት ወረቀት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች በፕላኑ ላይ የተሳተ ነገር ያዩ እንደ ሆነ ወዲያውኑ ለመርማሪው ያመልክቱ።

አሁን ወደ አንድ ከባድ ነገር ደርሰናል። አናጢው ገና በሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሳለ የመኪናው ባለቤት ሽማግሌዎች ይልካል። ሽማግሌዎቹም «ልጁም የሰው ልጅ ነው፤ በእስር ቤት ቢበሰብስ ለእናንተ ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። ጥቂት ገንዘብ ይቀርባል፤ አንድ ወረቀትም ይጻፋል። ሚስቲቱ ለመድኃኒት ቸግሯታል፤ ሽማግሌም ማሳፈር ነውር ነው፤ ትፈርማለች ወይም ባሏን ታስፈርማለች።

እርቅ በአገራችን የተከበረ ነገር ነው፤ እኛም እርቅን አንነቅፍም። ነገር ግን አድማጮች ሁለት ነገር እንዲያውቁ ይገባል። የመጀመሪያው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3312 እንደሚያዘው በግልግል ስምምነት የተጨረሰ ነገር የመጨረሻ ፍርድ እንዳገኘ ነገር ይቈጠራል። እግሩ በስድስተኛው ወር ቢቈረጥ «ያን ጊዜ አላወቅሁም ነበር» ብሎ ነገሩን እንደ ገና መክፈት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሁለተኛው፤ ሽማግሌ ስላስታረቀ ብቻ ዓቃቤ ሕግ ከባድ የሆነውን የወንጀል ክስ አይተወውም። ነጂው የተጎዳውን መርዳቱና መካሱ ግን ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። እንግዲህ ለመድኃኒት የሚሰጠውን ገንዘብ መቀበል የሚያስነውር አይደለም፤ በወረቀቱ ላይ ግን «ለሕክምና የተሰጠ፤ ከካሣው የሚታሰብ» ተብሎ ይጻፍ እንጂ «ሌላ ምንም አልጠይቅም» የሚል ቃል የሐኪም የመጨረሻ ማስረጃ ሳይወጣ አይግባበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ የወንጀሉን ክስና የካሣውን ክስ አንድ አድርጎ በማየት ነው። ነጂውን የሚከሰው ዓቃቤ ሕግ ነው፤ ለዚህ ተበዳዩ ጠበቃ መቅጠር አያስፈልገውም። ካሣ የሚጠየቀው ግን በፍትሐ ብሔር ነው፤ ጠያቂውም ተበዳዩ ራሱ ነው። በዚህ በኩል ሕጉ ለተገጪው ያዘነለት መሆኑን ማስተዋል ይገባል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት ምንም ጥፋት ባይኖርበት፤ መኪናውንም ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ፤ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ያደርገዋል። አደጋው በደረሰበት ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደ ነበረ ካስረዳ ግን ይድናል። ጉዳቱ የደረሰው በተጎጂው ጥፋት ሲሆንም ኀላፊነቱ እንደ ጥፋቱ መጠን ይቀንሳል ወይም ይቀራል። ሁለት መኪናዎች ተጋጭተው እንደ ሆነ ደግሞ በቁጥር 2084 መሠረት አንደኛው ነጂ በሙሉ ወይም በአብዛኛው ማጥፋቱ ካልተረጋገጠ በቀር ሁለቱ ባለቤቶች ጉዳቱን እኩል ይካፈላሉ።

እንግዲህ ነጂው በወንጀል ችሎት ነጻ ቢወጣ አናጢው «በቃ፤ ተረታሁ» ብሎ ቤቱ ሊቀመጥ አይገባም። የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ ጥፋት መኖር አለመኖሩን ሲመረምር በቁጥር 2149 መሠረት በወንጀሉ የነጻ መለቀቅ ፍርድ አይታሰርም። ባለመኪናው ኀላፊ የሚሆነውም ስላጠፋ ሳይሆን የመኪናው ባለቤት ስለ ሆነ ነው።

የወንጀሉን ፍጻሜ እጠብቃለሁ ማለት ሌላም አደጋ አለበት፤ እርሱም ጊዜ ነው። ቁጥር 2143 የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል። ድርጊቱ የወንጀል ሕጉ ከዚህ የረዘመ የይርጋ ዘመን የወሰነለት ወንጀል እንደ ሆነ ረዥሙ ዘመን ይሠራል፤ ነገር ግን ይህ ለክርክር የሚቀርብ ነገር ስለ ሆነ በእርሱ ተማምኖ መተኛት አይበጅም። ሰባት ወር በሐኪም ቤት፤ አምስት ወር በክራንች፤ አንድ ዓመት ደግሞ በሽማግሌ ቀጠሮ «ለፋሲካ ይሁን፤ ለመስቀል ይሁን» ሲባል ሁለቱ ዓመት ያልፋል። ከዚያ በኋላ ባለመኪናው አንድ ቃል ብቻ ይበቃዋል፤ «በይርጋ ታግዷል» ይላል።

ካሣው የሚለካው በደረሰው ጉዳት ልክ ነው። የመድኃኒትና የሕክምና ወጪ ከነደረሰኙ፤ ሥራ በፈታበት ጊዜ ያጣው ገቢ፤ ወደ ፊትም የሚያጣው ይቈጠራል። የዘላቂውን ጉዳት መጠን የሐኪሞች ቦርድ በመቶ ስንት እንደ ሆነ ወስኖ ይጽፋል። አናጢው የደመወዝ መዝገብ ስለሌለው «ገቢህን በምን ታስረዳለህ?» ሲባል ያሠሩት ሰዎች ይመሰክሩለት፤ በቁጥር ሊታወቅ ያልቻለውን ዳኛው በርትዕ ሊወስነው ይችላል። ሰው የሞተ እንደ ሆነ የትዳር ጓደኛውና ወላጆቹ፤ ልጆቹም ይተዳደሩበት የነበረውን ቀለብ ለራሳቸው መጠየቅ ይችላሉ። ስለ ኀዘን የሚሰጠው የሕሊና ካሣ ግን በቁጥር 2116 ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ይህ ልክ ሕጉ በወጣበት በ1952 ዓ.ም. ከፍ ያለ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ለኀዘንተኛ ቤት የአንድ ቀን እንግዳ ማስተናገጃ እንኳ አይሆንም፤ ሊሻሻል የሚገባው ይመስለናል።

መድን የሰጠው ኩባንያ በሕግ በተወሰነው ልክ ይከፍላል። ልኩ በየጊዜው ሊሻሻል ስለሚችል አደጋው በደረሰበት ቀን የሚጸናውን መጠን መጠየቅ ያሻል። ከዚያ በላይ የሆነውን ጉዳት ባለመኪናው ይሸፍናል፤ ስለዚህ የኩባንያውን ገንዘብ ሲቀበሉ «ጠቅላላ ካሣዬን አገኘሁ» ብሎ መፈረም ስሕተት ነው። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ካልታወቀ ወይም መድን የሌለው ከሆነ ስለ አካል ጉዳትና ስለ ሞት ወደ መድን ፈንድ ማመልከት ይቻላል፤ ለዚህም የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ጠበቃ የሚያስፈልገው መቼ ነው? መኪናው በሌላ መኪና ተፍቆ ቀለሙ የተነሣበት ሰው ጠበቃ አያሻውም፤ ከኩባንያው ጋር ራሱ ይጨርሳል። ዘላቂ የአካል ጉዳት ወይም ሞት የደረሰ እንደ ሆነ፤ ባለመኪናውም ኀላፊ አይደለሁም ያለ እንደ ሆነ ግን ሕግ የሚያውቅ ሰው መያዝ ይጠቅማል። በፍርድ ቤት ደጅ «ዳኛውን አውቀዋለሁ፤ ነገሩን እኔ እጨርሰዋለሁ» የሚል ጉዳይ ገዳይ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው ጠበቃ አይደለም፤ ጠበቃም ቢሆን እንዲህ ካለ መሸሽ ነው። የፌዴራል ጥብቅና በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ይተዳደራል፤ ጠበቃውን «ፈቃድህን አሳየኝ» ማለት ነውር የለበትም። ክሱ የሚቀርበው አደጋው በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ስፍራ ባለ ፍርድ ቤት ነው፤ የክልል ፍርድ ቤት ከሆነም ጠበቃው በዚያ የሚሠራ ፈቃድ እንዳለው አስቀድሞ ይጠየቅ።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ዋጋው ስንት ነው? የሚከፈለው በስንት ጊዜ ነው? ይግባኝ ቢባል በዚሁ ዋጋ ነው ወይስ ሌላ ነው? የዳኝነት ክፍያውን ማን ይከፍላል? ይህ ሁሉ ይጻፍ፤ ለተከፈለውም ደረሰኝ ይቀበሉ። የውክልናውን ወረቀት ደግሞ ሳያነቡ ወይም ሳያስነብቡ አይፈርሙ። ጠበቃ በደንበኛው ስም ለመታረቅ ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ «ለመታረቅ፤ ገንዘብ ለመቀበል» የሚሉት ቃላት በወረቀቱ ከገቡ ያ ሰው ሳይጠይቅዎ ሊታረቅና ካሣዎን ሊቀበል ይችላል። ይህን ሥልጣን መስጠትና መንሣት የእርስዎ ፈንታ ነው።

ገንዘብ የሌለው ሰውስ? የዳኝነት መክፈያ ያጣ ሰው ድኽነቱን አስረድቶ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 467 መሠረት በደሃ ደንብ ለመክሰስ መጠየቅ ይችላል። ባል ለሚስት፤ ወንድም ለወንድም፤ ልጅ ለወላጅ በውክልና ሊከራከሩ ሕጉ ይፈቅዳል። ጠበቆችም ለድኾች በነጻ የማገልገል ግዴታ አለባቸው፤ እንደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባቸው ጣቢያዎች አሏቸው። መንግሥት በተከላካይ ጠበቃ ጽሕፈት ቤት በኩል የሚያቆመው ጠበቃ ግን ለወንጀል ተከሳሽ ነው፤ ለካሣ ጠያቂ አይደለም።

ፍርድ በተሰጠ ቀን የፍርዱን ግልባጭ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነውና። ጠበቃው የያዛቸውን የሐኪም ማስረጃዎች፤ ደረሰኞችና ፎቶግራፎች ነገሩ ሲያልቅ ቈጥረው ይረከቡ፤ አናጢውም እግሩ እንደ ገና የታመመ እንደ ሆነ ሐኪሙ የሚጠይቀው እነዚያኑ ወረቀቶች ነው።