የሚደማ ድድ ምን ይነግረናል?

ጥርሳችንን ስናጸዳ ብሩሹ ወይም መፋቂያው ደም ነክቶት ብናይ ብዙዎቻችን የምናደርገው አንድ ነገር ነው፤ ድዱ እስኪሽር ድረስ ያን ቦታ ሳንነካ እናልፈዋለን። ይህ ጥንቃቄ የሚመስል ልማድ ግን ብዙውን ጊዜ በሽታውን ያባብሰዋል። ምክንያቱን ለመረዳት በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ የሚከናወነውን እንመልከት።

ጥርስ በጸዳ በደቂቃዎች ውስጥ ከምራቅ የሚገኝ ስስ የፕሮቲን ሽፋን ይለብሳል። በዚህ ሽፋን ላይ ባክቴሪያዎች ይሰፍራሉ፤ እየተራቡም ራሳቸው በሚያመነጩት ሙጫ መሰል ነገር እርስ በርሳቸውና ከጥርሱ ጋር ይጣበቃሉ። ይህ ልባጭ ፕላክ ይባላል። ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ እ.ኤ.አ. በ1683 ከገዛ ጥርሱ መካከል ያወጣውን ነጭ ነገር በማጉያ መነጽሩ ሲመረምር ሲርመሰመሱ ያያቸው ጥቃቅን ፍጡራን እነዚሁ ነበሩ።

«ታዲያ በውኃ መጉመጥመጥ አይበቃምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። የፊዚክስ መምህራን በድድ ጉዳይ የምንገባውም እዚህ ላይ ነው። ፈሳሽም ሆነ አየር በጠጣር አካል ላይ ሲፈስ፣ አካሉን የሚነካው ንብርብር ከአካሉ አንጻር ፍጥነቱ ዜሮ ነው። አቧራ የለበሰ መኪና በአስፋልት ላይ በሰዓት 100 ኪ.ሜ. ቢከንፍም ነፋሱ አቧራውን ጠርጎ አይጨርሰውም፤ መኪናው ሲቆም ግን ሕፃናት በጣታቸው ስማቸውን ይጽፉበታል። የአንድ ባክቴሪያ ቁመት የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ያህል በመሆኑ፣ የምንጉመጠመጠው ውኃ ከጥርሱ ጥግ ሲደርስ ጉልበት ያጣል። ፕላክን የሚያስለቅቀው ፍትጊያ ነው።

ይህ በሙከራ ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ1965 ሃራልድ ሎ እና ባልደረቦቹ በዴንማርክ አካሂደው ባሳተሙት ጥናት፣ ድዳቸው ጤናማ የነበረ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ በአንድ ሳምንት ገደማ ዳነ። እንግዲህ የሚደማ ድድ «አትንኩኝ» ሳይሆን «አጽዱኝ» እያለን ነው።

መልእክቱን ቸል ካልነውስ? በምራቅ ውስጥ ያሉት ካልሲየምና ፎስፌት ፕላኩን ወደ ድንጋይነት ይለውጡታል፤ ይህን ታርታር ብሩሽ አያነሣውም። ቁጣው ወደ ውስጥ ሲዘልቅ፣ በጤናማ ድድ ከ3 ሚሊሜትር የማይበልጠው የጥርስና የድድ ክፍተት ይጠልቃል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚያደርገው ትግል ራሱ ጥርሱን የያዙትን ጅማቶችና አጥንት ይበላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ያለ ሕመም ነው፤ ጥርሱ ሲነቃነቅ ግን የጠፋው አጥንት በራሱ አይመለስም። ሁሉም ሰው እዚህ ደረጃ ባይደርስም፣ አጫሾችና የስኳር ሕመምተኞች ይበልጥ ይጠቃሉ። ማጨስ የድድን መድማት ስለሚቀንስ ምልክቱንም ይሸሽጋል።

መከላከያው ቀላል ነው። ለስላሳ ብሩሽ በ45 ዲግሪ ወደ ድዱ ጠርዝ አዘንብሎ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ለሁለት ደቂቃ በዝግታ ማጽዳት ይገባል። በጥርሶች መካከል ያለውን በጥርስ ክር ማውጣት ያስፈልጋል። መፋቂያም ቢሆን ጫፉ በሚገባ ታኝኮ ከለሰለሰና የመንጋጋ ጥርሶችንና የውስጡን ገጽ ከዳረሰ ያገለግላል፤ የሚታዩትን የፊት ጥርሶች ብቻ መፋቅ ግን አይበቃም። ታርታር ካለ፣ ወይም በሚገባ እያጸዳን ደሙ ከሁለት ሳምንት በኋላም ካላቆመ፣ ወደ ጥርስ ሐኪም መሄድ ግድ ይላል። እስኪያመን ድረስ መጠበቅ ጥርሱን ለማትረፍ የነበረንን ጊዜ ማባከን ነውና።