ሰውነታችን ቪታሚን ዲን እንዴት ይመጥናል?

«ሲበዛ ማር ይመራል» ይላሉ አባቶቻችን። ቪታሚን ዲም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ሲያንስ የሕፃናትን አጥንት ያለሰልሳል፤ ሲበዛ ደግሞ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ ኩላሊትን ይጎዳል። ታዲያ ይህን ቪታሚን የሚያስገኝልን የፀሐይ ብርሃን ከሆነ፣ ከጧት እስከ ማታ ሲያርስ የሚውለው ገበሬ፣ ከብት ሲጠብቅ የሚውለው እረኛ ስለ ምን በቪታሚን ዲ ብዛት አይመረዝም? በዚህ ጽሑፍ ልንመልሰው የምንሞክረው ጥያቄ ይህ ነው። ነገሩ የሳይንስ ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስል፣ በመጨረሻ ወደ አገራችን ሕፃናት እንመለሳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ ቪታሚኑ ታሪክ ጥቂት እንበል። በ1919 ኤድዋርድ ሜላንቢ የተባለ እንግሊዛዊ በውሾች ላይ ባደረገው ምርመራ፣ ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መለስለስ በሽታ ከምግብ ጉድለት እንደሚመጣና በዓሣ ጉበት ዘይት እንደሚከለከል አሳየ። በዚያው ዓመት በበርሊን ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ ሐኪም ይህንኑ በሽታ ከሜርኩሪ መብራት በሚወጣ ጨረር አዳነ። አንዱ በምግብ፣ ሌላው በብርሃን! ነገሩ ለጊዜው እንቆቅልሽ ነበር። ኋላ ግን ሁለቱም መንገዶች የሚያደርሱት ወደ አንድ ነገር መሆኑ ታወቀ። ዘይቱ ቪታሚኑን ተሠርቶ ያለቀ አድርጎ ያቀርባል፤ ጨረሩ ግን ሰውነት ራሱ እንዲሠራው ያደርጋል።

ሥራው የሚጀመረው በቆዳ ውስጥ ነው። በቆዳችን ውስጥ የኮሌስትሮል የቅርብ ዘመድ የሆነ፣ 7-ዲሃይድሮኮሌስትሮል የሚባል ነገር አለ። ከፀሐይ ከሚመጡት ጨረሮች መካከል ለዐይን የማይታየው፣ የሞገዱ ርዝመት ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር የሚደርሰው አልትራ ቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት፣ ከአራቱ ቀለበቶቹ አንዱ ይከፈትና «ቅድመ ቪታሚን ዲ» ይሆናል። ከዚህ በኋላ ጨረር አያስፈልግም፤ የሰውነት ሙቀት ብቻውን በሰዓታት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ቪታሚን ዲ ይለውጠዋል። ቪታሚኑም ከቆዳ ወጥቶ ወደ ደም ይገባል።

የመጀመሪያው ልጓም የሚገኘው እዚሁ ላይ ነው። ቅድመ ቪታሚኑ ራሱ ጨረር የሚቀበል ነገር ስለ ሆነ፣ ፀሐዩ ከቀጠለ ገና ወደ ቪታሚን ሳይለወጥ ሉሚስቴሮልና ታኪስቴሮል ወደሚባሉ ሁለት ነገሮች ይዞራል። እነዚህ ለአጥንት የቪታሚን ዲን ሥራ አይሠሩም። ከፊሉም ተመልሶ የመጀመሪያውን ነገር ይሆናል። ስለዚህ አንድ ወገን ሲሠራ ሌላው ወገን ያፈርሳል፤ ሁለቱ ሚዛን ላይ ሲደርሱም የቅድመ ቪታሚኑ መጠን በቆዳ ውስጥ ከነበረው 7-ዲሃይድሮኮሌስትሮል ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጅ ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ላይ ቢውሉም አይጨምርም። ይህም ብቻ አይደለም፤ ተሠርቶ ገና ከቆዳ ያልወጣውን ቪታሚን ዲ ብርሃኑ ራሱ ይሰባብረዋል። ነገሩ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ቀዳዳ ያለበትን እንስራ ይመስላል፤ የፈለጉትን ያህል ውኃ ቢያፈሱበት ከቀዳዳው በላይ አይሞላም።

ይህ ልጓም ከመታወቁ በፊት ሌላ አሳብ ነበር። በ1967 ሉሚስ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ፣ የጥቁር ሰው ቆዳ የጠቈረው በሐሩር አገር የሚኖረውን ሰው ከቪታሚን ዲ ብዛት ለመከላከል ነው ሲል ጻፈ። አሳቡ በእኛም ቆዳ ላይ የተሰጠ ፍርድ ስለ ሆነ ልናስተውለው ይገባል። በ1981 ማይክል ሆሊክና ጓደኞቹ በዚያው መጽሔት መልስ ሰጡ። ልዩ ልዩ ቀለም ያለውን ቆዳ ለጨረር አጋልጠው ሲመረምሩ፣ ጠቈር ያለው ቆዳ ቅድመ ቪታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ፈጀ እንጂ የመጨረሻው ወሰን አልተለየም። እንግዲህ መጣኙ የቆዳው ቀለም ሳይሆን የብርሃኑ የራሱ ሥራ ነው ማለት ነው። ቀለሙ የሚወስነው ወሰኑን ሳይሆን ወደ ወሰኑ የሚደረስበትን ፍጥነት ነው።

ሁለተኛው ልጓም ከቆዳ ወዲያ ነው። ቪታሚን ዲ እንደ ተሠራ ሥራ አይጀምርም። መጀመሪያ በጉበት 25-ሃይድሮክሲ ቪታሚን ዲ ወደሚባል ቅርጽ ይለወጣል። ይህ ሦስት ሳምንት ለሚያህል ጊዜ በደም ውስጥ የሚቆይ ስንቅ ነው፤ ሐኪም ደም ወስዶ የሚለካውም እርሱን ነው። ጉበት በዚህ ሥራው እምብዛም ቁጥብ አይደለም፤ የመጣለትን ይቀበላል። ጥብቁ በረኛ ኩላሊት ነው። ፍሬዘርና ኮዲቼክ በ1970 እንዳሳዩት፣ ቪታሚኑ የመጨረሻውን ኃይለኛ ቅርጹን የሚያገኘው በኩላሊት ነው። በደም ውስጥ ካልሲየም ሲያንስ፣ በአንገት ውስጥ ያሉት ፓራታይሮይድ የሚባሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ሆርሞናቸውን ልከው ኩላሊት ሥራውን እንዲያፋጥን ያዛሉ። ፎስፌትና ኃይለኛው ቪታሚን ሲበዙ ደግሞ ከአጥንት የሚነሣ ሌላ መልእክተኛ ኩላሊትን «በቃህ» ይለዋል። ከሁሉም የሚደንቀው ግን ኃይለኛው ቪታሚን ራሱ ሲበዛ የራሱን አጥፊ መጥራቱ ነው፤ 24-ሃይድሮክሲሌዝ የተባለው ኤንዛይም በብዛት እንዲሠራ ያደርግና ኤንዛይሙ ቪታሚኑን እየለወጠ ከሰውነት እንዲወገድ ያዘጋጀዋል።

የልጓም ጥቅም በደንብ የሚታወቀው ሲበጠስ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በብሪታንያ ለሕፃናት ወተትና ምግብ ብዙ ቪታሚን ዲ ይጨመር ነበር። ከሕፃናቱ መካከል አንዳንዶቹ እያስመለሳቸው፣ እየከሱ፣ የደማቸው ካልሲየም ከልክ አልፎ ተገኘ፤ በ1957 የሚጨመረው መጠን እንዲቀነስ ተደረገ። ሌሎች ብዙ ሕፃናት ያንኑ ምግብ በልተው ሳይታመሙ እነዚህ ለምን ታመሙ? ከመልሱ አንዱ ክፍል የመጣው በ2011 ነው። እንዲህ ያለ ሕመም ካገኛቸው ሕፃናት አንዳንዶቹ የ24-ሃይድሮክሲሌዝን ትእዛዝ የያዘው ጂን ከሁለቱም ወላጆቻቸው ተበላሽቶ የመጣላቸው ሆነው ተገኙ። ለሌላው የሚስማማው መጠን ለእነርሱ መርዝ የሆነው አጥፊው ኤንዛይም ስለ ጐደላቸው ነው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ በቪታሚን ዲ የሚመረዝ ሰው የሚመረዘው በኪኒን ወይም በመርፌ እንጂ በፀሐይ አይደለም። በአፍ የሚወሰደው ቪታሚን የቆዳን ልጓም ሳይነካ ስለሚገባ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፍተኛ መጠን መዋጥ አደገኛ ነው። ሁለተኛ፣ ልጓሙ የተሠራው ለቪታሚኑ ብቻ ነው። ቪታሚኑ ከወሰኑ ሲደርስ ቢቆምም ጨረሩ ቆዳን ማቃጠሉን አያቆምም፤ ስለዚህ በፀሐይ ብዙ መቆየት ያለ ትርፍ ጉዳት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። «የ13 ወር ፀጋ» እያልን በፀሐያችን እንመካለን። ነገር ግን በ1997 የታተመ፣ በአዲስ አበባ የተደረገ ጥናት የሚለው ሌላ ነው። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ሆኖ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ግን 20ዎቹ ብቻ ነበሩ። የለሰለሰ የጐድን አጥንት ደረትን ለመተንፈስና ለማሳል አቅም ያሳጣል። በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በአዳማ ከተማና በአካባቢዋ ገጠር ከተመረመሩት ተማሪዎች ከመቶ 42ቱ ቪታሚን ዲ እንደ ጐደላቸው አገኘ፤ ጉድለቱም ከገጠር ልጆች ይልቅ በከተማ ልጆች ላይ እጅግ የበዛ ነበር።

እንግዲህ ጐደሎው ፀሐይ አይደለም፤ ከፀሐይ ጋር መገናኘቱ ነው። እናቶቻችን ምችና ክፉ ዐይን ፈርተው ሕፃኑን በጨርቅ ጠቅልለው በጓዳ ያስቀምጡታል። ፍርሃታቸው ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በእናት ጡት ወተት ውስጥ ቪታሚን ዲ ጥቂት ብቻ ነው፤ ጨረሩም በጨርቅ ውስጥ እንደ ልቡ አያልፍም። በመስኮት መስተዋት በኩል የሚገባ ፀሐይ እንኳ ይሞቃል እንጂ ቪታሚን አይሠራም፤ መስተዋት ያንን ጨረር ያስቀረዋልና። ይህ በቤተ መጻሕፍት መስኮት ሥር ተቀምጠን ፀሐይ የሞቅን ለሚመስለን ለእኛም ይሠራል።

በዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችን ስንሄድ ልናደርሰው የምንችለው ቃል አጭር ነው። ሕፃኑን በየቀኑ ለጥቂት ጊዜ፣ እጅና እግሩን ገልጦ፣ ከደጅ ፀሐይ ማሳየት አይመርዘውም፤ ሰውነቱ መጣኝ አለው። እስኪቃጠል ማቆየት አያስፈልግም። እግሩ የተቈለመመ፣ ጥርስ ማብቀል ወይም መራመድ የዘገየ ሕፃን ካለ ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት፤ መድኃኒቱንም የሚመጥን ሐኪሙ ነው። ሰውነት ብዛትን መከልከል ያውቅበታል፤ ያላገኘውን ግን ከየትም ሊያመጣው አይችልም።